«ዝም ብሎ ቢጫወት ምን ነበረበት?»

አንድ ተጫዋች ኳስ በነካ ቁጥር በሺዎች የሚቆጠር ተመልካች «ቡ…» እያለ ይጮህበታል። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ ጩኸቱ ይቆማል፤ ተመልሳ ስትመጣ ጩኸቱም አብሯት ይመለሳል። አንድ ሳምንት በሜልቦርን፣ ሌላ ሳምንት በፐርዝ… በ2015 በአውስትራሊያ ሜዳዎች ላይ ለወራት የታየው ይኸው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሚጮህበት ሰው አዳም ጉድስ ይባላል። በጊዜው 35 ዓመቱ ነበር። ሁለት ዋንጫ አንስቷል። የሊጉን ትልቁን የግል ሽልማት ሁለት ጊዜ ወስዷል። ከአንድ ዓመት በፊት ደግሞ «የዓመቱ አውስትራሊያዊ» ተብሎ በአገር ደረጃ ተሸልሟል።

ጯሂዎቹ ለምን እንደሚጮሁ ሲጠየቁ መልሳቸው ሲጠቃለል እንዲህ ነበር፦ እኛ ዘረኛ አይደለንም፤ ሰውዬው ነገር ያበዛል፤ ዝም ብሎ ቢጫወት ምን ነበረበት?

እኛ ደግሞ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህችው ጥያቄ ውስጥ ነው እንላለን። «ዝም ብሎ ቢጫወት» ማለት እኮ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ እግርህን እንወዳለን፣ አፍህን ግን አንፈልገውም ማለት ነው። ይህን የምንለው እንዲያው ለሰውዬው አዝነን ብቻ አይደለም። የአዳም ጉድስ ታሪክ ጭብጨባ ምን ያህል ቅድመ ሁኔታ እንዳለው፣ ዝም ያለ ትልቅ ተቋም ደግሞ ምን ያህል እንደሚጎዳ አበጥሮ የሚያሳይ ስለሆነ ነው።

ጨዋታው

እኛ እግር ኳስ ሲባል ወዲያው የሚታየን አርሰናልና ማንቸስተር፣ ጊዮርጊስና ቡና ነው። አውስትራሊያውያን «ፉቲ» የሚሉት ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ሕጉ በ1859 ሜልቦርን ውስጥ ተጻፈ። ሜዳው ሞላላ፣ ኳሷም ሞላላ። ሜዳ ላይ በየቡድኑ 18 ሰው ይሰለፋል። በረኛ የለም፣ ኦፍሳይድ የለም። ኳሷን በእግር መምታት፣ በቡጢ መትቶ ለጓደኛ ማቀበል፣ ይዞ መሮጥም ይቻላል፤ ይዞ የሚሮጥ ግን ቢያንስ በየ15 ሜትሩ መሬት ላይ ማንጠር አለበት። በሜዳው ጫፍ አራት ቋሚዎች ይቆማሉ። በመሃለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል በእግር ተመትታ የገባች 6 ነጥብ፣ በጎን በኩል ያለፈች ደግሞ 1 ነጥብ ታስገኛለች።

የሙያው መግቢያ በርም ከምናውቀው ይለያል። ወጣቱ ክለብ አይመርጥም፤ ክለብ ነው እሱን የሚመርጠው። በየዓመቱ «ድራፍት» የሚባል የምርጫ ሥነ ሥርዓት ይካሄዳል፤ በውድድር ዘመኑ ደካማ የነበረው ክለብ ቅድሚያ ያገኛል፤ ከዚያ በተራ በተራ የልጆቹ ስም ይጠራል። የ18 ዓመት ልጅ ስሙ ከተጠራ ሻንጣውን ሸክፎ ወደማያውቀው ከተማ መሄድ ነው።

አዳም ጉድስ በ1997ቱ ድራፍት 43ኛ ሆኖ ተጠራ። በሌላ አነጋገር ከእሱ በፊት 42 ልጆች ተመርጠዋል። የጠራው ክለብ ሲድኒ ስዋንስ ነበር።

ሰውዬው

የተወለደው በጥር 1980 በደቡብ አውስትራሊያ ነው። እናቱ ከአድንያማታና እና ከናሩንጋ ሕዝቦች የሚወለዱ አቦርጂናል ናቸው፤ አባቱ ነጭ። እናቱ በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ተነጥቀው ከተወሰዱት የአቦርጂናል ልጆች አንዷ ናቸው። ይህ በመንግሥት ፖሊሲ ለአሥርተ ዓመታት የተፈጸመ ነገር ነው፤ አውስትራሊያውያን «የተሰረቀው ትውልድ» ይሉታል። መንግሥት በፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው። ያኔ ጉድስ 28 ዓመቱ ነበር። እንግዲህ ለእሱ ይህ ታሪክ የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ ሳይሆን የእናቱ ሕይወት ነው።

በልጅነቱ የሚጫወተው እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ነበር፤ ወደ ፉቲ የገባው በኋላ ነው። ስዋንስ ከገባ በኋላም ዋናው ቡድን ውስጥ የተሰለፈው በ1999 ነው፤ በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ። ቁመቱ 191 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እንዲህ ያለ ቁመት ያለው ሰው ከአጫጭሮቹ ጋር እኩል ይሮጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ እሱ ግን ሮጠ። በ2003 «ብራውንሎው» የሚባለውን ሜዳሊያ ከሁለት ተጫዋቾች ጋር ተጋራ፤ በ2006 ብቻውን ወሰደው። በ2005 ስዋንስ ለ72 ዓመት ያጣውን ዋንጫ ሲያነሳ አብሮ ነበር። በ2012 የዋንጫ ጨዋታ ጉልበቱ ተጎድቶም ሜዳውን አልለቀቀም፤ ስዋንስም ዳግመኛ ዋንጫ አነሳ። ጫማውን እስኪሰቅል ድረስ 372 ጨዋታ ተጫውቶ 464 ጎል አግብቷል።

ስለ ብራውንሎው አንድ ነገር ያዙልን፤ በኋላ ያስፈልገናል። ሽልማቱ የሚሰጠው «ምርጥ እና ጨዋ» ለሆነ ተጫዋች ነው። ድምፅ የሚሰጡትም ጋዜጠኞች ወይም ደጋፊዎች አይደሉም፤ ጨዋታውን የመሩት ዳኞች ናቸው።

ጣቱን የቀሰረበት ምሽት

በየዓመቱ ሊጉ ለአገሪቱ ነባር ሕዝቦች ክብር የሚሰጥበት ሳምንት አለው። ክለቦች በአቦርጂናል ሠዓሊዎች የተነደፈ ማሊያ ይለብሳሉ፤ ባህላዊ ሥነ ሥርዓት ይቀርባል። በግንቦት 2013 የዚህ ሳምንት መክፈቻ በሜልቦርኑ ትልቅ ስታዲየም በስዋንስና በኮሊንግዉድ መካከል ተደረገ። በመጨረሻው ሩብ ላይ፣ ከአጥሩ አጠገብ ከተቀመጡት መካከል አንድ ድምፅ ጉድስን «ዝንጀሮ» አለው። እሱም ቆመ፣ ዞረ፣ ድምፁ ወደመጣበት ጣቱን ቀሰረ፣ ጥበቃዎችንም ጠራ። ከስታዲየም የወጣችው ተመልካች የ13 ዓመት ልጅ ሆና ተገኘች።

በማግስቱ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ምን አለ? በልጅቷ እንዳይፈረድባት ጠየቀ። ቃሉን ከየት እንደሰማችው ጠይቁ እንጂ እሷን አትኮንኑ፣ ደግፏት አለ። ልጅቷም ስልክ ደውላ ይቅርታ ጠየቀችው። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር በዚሁ ተዘጋ።

ጥቂት ቀናት ሳይቆይ የኮሊንግዉድ ፕሬዚዳንት ኤዲ ማክጓየር (በዚያው ምሽት መልበሻ ክፍል ድረስ ሄዶ ጉድስን ይቅርታ የጠየቀው ሰው ነው!) በሬዲዮ ቀርቦ «ኪንግ ኮንግ» የተባለውን ቲያትር ለማስተዋወቅ ጉድስ ይሆናል የሚል ቀልድ ጣል አደረገ። ኪንግ ኮንግ ማለት የፊልሙ ግዙፍ ጎሪላ ነው። የ13 ዓመት ልጅ አታውቅም እንበል፤ የትልቅ ክለብ ፕሬዚዳንትስ?

ጩኸቱ

በጥር 2014 ጉድስ «የዓመቱ አውስትራሊያዊ» ተባለ። ሽልማቱ መድረክ ሰጠው፤ እሱም መድረኩን ተጠቀመበት። ስለ ዘረኝነት ተናገረ፣ አገሪቱ የተመሠረተችበትን ታሪክ በግልጽ አነሳ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። ብዙ ሰው ግን ቅር አለው። ከዚያ ወዲህ በየሜዳው የሚሰማው «ቡ…» እየበረታ ሄደ።

በግንቦት 2015 በዚያው የነባር ሕዝቦች ሳምንት ከካርልተን ጋር ሲጫወቱ ጎል አገባና ወደ ተጋጣሚው ደጋፊዎች ዞሮ ፎከረ። ፉከራ ስንል የአያቶቻችንን ፉከራ የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል፤ እግር መሬት እየመታ፣ ክንድ ተዘርግቶ፣ በመጨረሻም በእጁ የሌለ ጦር መወርወር። ጭፈራውን የተማረው ከ16 ዓመት በታች ካሉ የአቦርጂናል ተጫዋቾች ቡድን ነበር። ታዲያ ምን ተባለ? ተመልካቹን አስፈራራ፣ ጠብ ጫረ ተባለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ ያስፈልጋል። በዚያ ሳምንት ክለቦች የአቦርጂናል ሥዕል ያለበት ማሊያ ለብሰዋል። ማሊያው በሱቅ ይሸጣል። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ሲሆን ያምራል፤ ባህሉ በሕያው ሰው እግርና እጅ ላይ ሲታይ ግን ጠብ ሆነ። ይህን እንዴት እናስታርቀው?

በሐምሌ መጨረሻ ፐርዝ ላይ ጩኸቱ ከመጠን አለፈ። የቡድን ጓደኛው ሉዊስ ጄታ ጎል አግብቶ ለጉድስ አጋርነቱን ለማሳየት ፎከረ። ከዚያ ጨዋታ በኋላ ጉድስ ፈቃድ ወሰደና ተከታዩን ጨዋታ አልተጫወተም። ያን ጊዜ ነው ብዙኃኑ የነቃው። በሲድኒ ሜዳ በሦስተኛው ሩብ ሰባተኛ ደቂቃ ላይ ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበለት፤ የማሊያ ቁጥሩ 37 ነበርና። መልካም ነው። ግን ጭብጨባው በተሰማበት ሰዓት ሰውዬው ሜዳ ላይ አልነበረም።

ተመልሶ ጥቂት ጨዋታዎች ተጫወተ፤ በመስከረም 2015 ቡድኑ ከውድድሩ ሲሰናበት መልበሻ ክፍል ውስጥ ለጓደኞቹ ማቆሙን ነገራቸው። በዋንጫው ዕለት በዓመቱ ጫማ የሰቀሉ ተጫዋቾች በሜዳው ዙሪያ እየተነዱ ተመልካቹን ይሰናበታሉ፤ የቆየ ልማድ ነው። ጉድስ አልተገኘም።

ሦስቱ ሰበቦች

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። የጯሂዎቹን ሰበቦች ንቀን ብናልፋቸው ተገቢ አይሆንም።

አንደኛው «ሌሎችም ተጫዋቾች ይጮህባቸዋል» የሚለው ነው። እውነት ነው። ክለብ የቀየረ ይጮህበታል፤ ባለጋራውን በቡጢ የመታ ይጮህበታል። ይህ የስታዲየም ወግ ነው። ልዩነቱ ግን ሌሎቹ ላይ የሚጮኸው የተጎዳው ክለብ ደጋፊ መሆኑ ነው። በጉድስ ላይ የጮኸው ምንም ያልበደለው የሌላ የሌላው ክለብ ደጋፊ ሁሉ ነው። ከሁሉም በላይ፣ እሱና የቅርብ ሰዎቹ ጩኸቱ ምን እንደሚመስላቸውና ምን ያህል እንደሚያማቸው ከተናገሩ በኋላ ጩኸቱ አልቀነሰም፤ ጨመረ እንጂ። ሳያውቅ የረገጠና «እግሬን ረገጥከኝ» ከተባለ በኋላ መልሶ የረገጠ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው «እየወደቀ ቅጣት ምት ይለምናል፤ ጨዋታው ጨዋ አይደለም» የሚለው ነው። ያዙልን ያልነው ሜዳሊያ እዚህ ላይ ይመጣል። ከማንም በላይ ቀርበው ያዩት ዳኞች ሁለት ጊዜ ምርጥና ጨዋ ብለውታል። «ከዚያ በኋላ ተበላሸ» የሚል ካለ ደግሞ፣ ከ1999 ጀምሮ ሲጫወት ያልተሰማ የዚህ ዓይነት ጩኸት ስለ ዘር ከተናገረ በኋላ ለምን እንደመጣ ያስረዳን።

ሦስተኛው «ሕፃን ልጅ በአገር ፊት አሳፈረ» የሚለው ነው። ዞሮ ያመለከተው ድምፅ ወደሰማበት ነው፤ ዕድሜ ጠይቆ አልነበረም። በማግስቱ ግን ከማንም ቀድሞ ልጅቷን የተከላከለላት እሱ ራሱ ነው። እሷ ይቅርታ ጠይቃ፣ እሱ ተቀብሎ የዘጉትን ጉዳይ ለሁለት ዓመት እየቀሰቀሱ የኖሩት ትልልቅ ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር ግን አምነን እንቀበላለን። የጮኸው ሁሉ ዘረኛ አልነበረም። ጓደኛው ስለጮኸ የጮኸ፣ ቡድኑ ስለተሸነፈ የተናደደ፣ ዝም ብሎ ጨዋታ የመሰለው ብዙ ነው። ይሁንና ጩኸት ስም አይለጠፍበትም። ሜዳው መሃል የቆመው ሰው «ይኼኛው በቀልድ ነው፣ ያኛው በጥላቻ ነው» ብሎ ሊለየው አይችልም። በቀልድ የጮኸው በጥላቻ ለጮኸው መደበቂያ ሆነለት። ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ልቡ ንጹሕ መሆኑ ድምፁን ንጹሕ አያደርገውም።

ዝም ያለው ማን ነበር?

የእኛ ትልቁ ወቀሳ ግን ወደ ተመልካቹ ሳይሆን ወደ ሊጉ ነው።

ሊጉ ለጉዳዩ አዲስ አልነበረም። በሚያዝያ 1993 የሴንት ኪልዳው ኒኪ ዊንማር ጨዋታውን ሙሉ ሲሰድቡት ለዋሉት የኮሊንግዉድ ደጋፊዎች ማሊያውን ገልጦ የሆዱን ቆዳ በጣቱ አሳይቷቸዋል፤ ፎቶግራፉ የአገሪቱ ታሪክ አካል ሆኗል። በ1995 የኤሰንደኑ ማይክል ሎንግ በሜዳ ላይ በዘሩ ሲሰደብ አልቀበልም ብሎ ጉዳዩን ወደ ሊጉ ወሰደ፤ በዚያው ዓመት ሊጉ በዘር መሳደብን የሚከለክል ደንብ አወጣ። በጉድስ ዘመን ከአሥር የሊጉ ተጫዋቾች አንዱ ያህል አቦርጂናል ነበር፤ ከአገሪቱ ሕዝብ ግን ሦስት በመቶ አካባቢ ናቸው። ሊጉ በእነዚህ ተጫዋቾች ይኮራል፣ ይነግድባቸዋልም።

እንግዲህ አንድ ሰው አንድ ቃል ሲናገር የሚቀጣ ደንብ አለ። ሺህ ሰው ቃል የሌለው ድምፅ ሲያሰማ ግን ምን ይደረጋል? የሊጉ መሪዎች ይህን ጩኸት በስሙ ለመጥራት ለወራት አመነቱ። ተመልካቹን ላለማስቀየም ሲጠነቀቁ ተጫዋቹን አጡ።

ከዚያ በ2019 በጉድስ የመጨረሻ ዓመታት ላይ ሁለት ዘጋቢ ፊልሞች ወጡ። አንደኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሠራው በጊዜው ከተላለፉ የቴሌቪዥን ምስሎችና ድምፆች ነው፤ አዲስ ቃለ ምልልስ እንኳ የለበትም። ያን ጊዜ ሊጉና 18ቱም ክለቦች በአንድነት ይቅርታ ጠየቁ፤ የደረሰበት ዘረኝነት እንደነበረና ከጨዋታው እንዳስወጣው አመኑ። ከአራት ዓመት በኋላ ማለት ነው! አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ለዚህ ነው። በዚያው 2019 የኒኪ ዊንማር ሐውልት ፐርዝ ላይ ቆመ። ከ26 ዓመት በፊት ለተገለጠ ማሊያ ሐውልት ማቆም ቀላል ነው፤ ከባዱ ዛሬ ማሊያውን ለሚገልጠው ሰው መቆም ነው።

በ2021 ኮሊንግዉድ ራሱ ያስጠናው ጥናት በክለቡ ውስጥ ሥር የሰደደ ዘረኝነት እንደነበር ገለጸ። ማክጓየር ጥናቱ ይፋ የሆነበትን ዕለት ለክለቡ የኩራት ቀን አድርጎ በመናገሩ ቁጣ ተነሳ፤ በዚያው ወር ከፕሬዚዳንትነቱ ወረደ። በዚያው ዓመት ሊጉ ጉድስን ወደ ክብር መዝገቡ ሊያስገባው ጠየቀው፤ በዚህ ሙያ ከትልልቆቹ ክብሮች አንዱ ነው። ጉድስ አልፈልግም አለ። አንዳንዶች «ይቅርታ ተጠይቆ የለ፣ ምን ያኮርፋል?» ብለዋል። እኛ ማኩረፍ አይመስለንም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይቅርታ የጠያቂው ግዴታ ነው፤ ተመልሶ መምጣት ግን የተጠየቀው ሰው ምርጫ ነው።

እኛን ምን ያገባናል?

ያገባናል። ሜልቦርን ውስጥ ፉትስክሬይ የሚባለውን ሠፈር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሐበሻ ምግብ ቤቱ፣ እንጀራው፣ ቡናው… የዌስተርን ቡልዶግስ ክለብ መለማመጃ ሜዳም እዚያው ሠፈር ነው። የወገኖቻችን ልጆች ከዚህ ሜዳ ጎረቤት እያደጉ ነው። ካርቱም የተወለደው ማጃክ ዳው በ2013 ለኖርዝ ሜልቦርን ተሰልፎ በሊጉ የተጫወተ የመጀመሪያው ሱዳን ተወላጅ ሆኗል፤ ከእሱ በኋላ ሌሎች የደቡብ ሱዳን ልጆች ተከትለዋል። ነገ የእኛም ልጅ ስሙ በድራፍት ቢጠራ በሩ ክፍት ነው። ጥያቄው በምን ውል ይገባል የሚለው ነው። «እንወድሃለን፣ ግን ዝም በል» በሚለው ውል ከሆነ፣ ያ ውል የፈረሰው አዳም ጉድስ ጣቱን በቀሰረ ቀን መሆኑን ይወቅ።

ሌላም አለ። ሁላችንም ተመልካቾች ነን። ስታዲየም ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት፣ ኢንተርኔት ላይ… ብዙ ሰው በአንድ ሰው ላይ ሲጮህ ድምፃችንን መጨመር በጣም ቀላል ነው፤ የእኛ ድምፅ ለብቻው አይሰማማ! ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አጠገባችሁ ያለው ሰው ሁሉ ሲጮህ፣ ሰውዬው ምን እንዳደረገ ጠይቁ። መልሱ «ኳስ ነካ» ብቻ ከሆነ፣ አትጩኹ። ከቻላችሁ ደግሞ የጎረቤታችሁን ክንድ ያዝ አድርጋችሁ «ተው፣ ይበቃል» በሉት። በ2015 ይህን የሚል ሰው ቀድሞ ቢገኝ ኖሮ፣ ጉድስ በዋንጫው ዕለት ሜዳውን ዞሮ ተመልካቹን ይሰናበት ነበር።